እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ስለ መገናኘታችን
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። ላልተገኙ አባሎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።)



በቅድሚያ ጭቃውን ሳትፈሩ ስለ መጣችሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደምታውቁኝ እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩትም የእጅ ጽሑፉ ይነበባል ተብሎ እንጂ በሌላ አይደለም። ስለሆነም ንግግር ማሳመር አላውቅበትም፤ ከወረቀት እያነበብኩ አንዳንድ ቦታ ብደነቃቀፍ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ በጎ አገልግሎት ክበባችን ነው። እድሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሲያርፍ ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ይወጣል፣ ለቤተ ሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ክበቡ ግን ከእድሩ ውስጥ የተወለደ ሆኖ ሥራው ገና በሕይወት ላለው ሰው ነው። ይህንንም ያቋቋምነው አንድ አባታችን «ስሞት ድንኳን ከምትተክሉልኝ አሁን ቆርቆሮዬን ብትመቱልኝ ይሻላል» ብለው በስብሰባ ላይ ስለ ተናገሩን ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ ግን ሦስት ሰዎች ሚስማርና መዶሻ ይዘው ሄዱ። ክበቡ የተጀመረው እንዲሁ ነው፤ ሪባን የቆረጠ ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ሐሳብ ቀርቧል። ይኸውም «እሁድ እሁድ መሰብሰቡ ይቅር፤ እያንዳንዱ አባል መዋጮውን በወሩ መጨረሻ በቴሌብር ይላክ፤ ኮሚቴው ገንዘቡን ለተቸገረ ያድርስ» የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት አባሎች ሰነፎች አይደሉም። ከመካከላቸው ሰፈሩ ሲነሣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው በሁለት ታክሲ የሚመጡ አሉ። እሁድም ሱቅ የሚከፍቱ፣ ዘበኝነት ተራ ያላቸው አሉ። የታክሲው ዋጋ ከመዋጮው በለጠ ሲሉ እውነታቸውን ነው። እኔም በበኩሌ ሐሳቡን መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቃችሁም። እሁድ አንድ ቀን ተኝቼ ልደር ብዬ። በኋላ ሐሳቤን የቀየርኩበትን ምክንያት ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ክበቡ የማይመጡ አባሎች ስላሉ እሁዳችን ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልናገር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን። አዳራሽ ስል ያቺኑ የቆርቆሮ ቤት ማለቴ ነው። ቡና በተራ ነው፤ ተረኛው ቡናውንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል፣ ረከቦቱና ጀበናው የእድሩ ነው። አቦል ላይ ያለፈው እሁድ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ስም ይጠራል። ቶና ላይ ሳጥኑ ይዞራል፤ መዋጮው 20 ብር ነው፣ የሌለው ዝም ብሎ እጁን ያስገባል፣ ማንም አያየውም። በረካ ላይ ሥራ ይደለደላል። ማን የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናት ልብስ ያጥባል፣ ማን ጤና ጣቢያ ይዞ ይሄዳል፣ የማን ልጅ ደብተር የለውም፣ የማን የጤና መድን መታወቂያ ሊታደስ ነው። ዘግይቶ የመጣ 5 ብር ይቀጣል። ሰብሳቢያችን ራሳቸው ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ተቀጥተዋል፤ እዚህ ስላሉ ነው የምናገረው።

ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ፣ ሁለተኛው ተቆጣጣሪው ዘንድ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ተከፍቶም ገንዘቡ ሰው ሁሉ እያየ ይቆጠርና ጮክ ተብሎ ይነገራል። ይህን ያመጣነው እርስ በርስ ስለማንተማመን አይደለም። ተማምነን እንድንቆይ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር፣ የገቢውን ነገር በሰፊው ልናገር፤ ብዙ ሐሜት ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን ትልቅ የራት ግብዣ እናድርግና ገንዘብ እናሰባስብ ተባለ። ቲኬት ታተመ፣ አንዱ በ300 ብር። አዳራሽ ተከራየን፣ ድምፅ ማጉያ ተከራየን፣ ሥጋ ተገዛ። 60 ቲኬት ተሸጠ፤ 18,000 ብር ገባ። አይ ጉድ፣ እንዴት ደስ አለን! ወጪው ሁሉ ሲከፈል የቀረን 1,150 ብር ነበር። ከዚያ ሁሉ ላብ! ሴቶቻችን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ለፋሲካ ደግሞ የበግ ቶምቦላ እናውጣ ተብሎ ታስቦ፣ ያለ ፈቃድ አይሆንም ስለ ተባልን ተውነው።

ከዚያ በኋላ የጀመርነው የቁራሌው ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ንቃችሁት ነበር። «ኮሚቴው ቁራሌ ሆነ» ያለው ሰው እዚሁ አለ፣ ስሙን አልጠራም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችን እሁድ ጠዋት በየበሩ ይዞራሉ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ የተበሳ ብረት ድስት፣ የዛገ ብረት ይሰበስባሉ። መጀመሪያ ላይ በመንገድ ለሚያልፈው ቁራሌው እየሸጥን ነበር፤ በዓይን ገምቶ ነው የሚከፍለው፣ ምንም አይተርፍም። በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ አጠራቅመን በወር አንድ ጊዜ በጋሪ አስጭነን መርካቶ ምናለሽ ተራ መውሰድ ጀመርን። እዚያ በኪሎ ነው። ሥጋ ሻጩ ወንድማችን ሚዛኑን ያውሰናል፤ ከመሄዳችን በፊት መዝነን ክብደቱን በወረቀት እንይዛለን፣ ስለዚህ ገዢው ቤት ሚዛን አይሸወድብንም። ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ አልሙኒየሙ ለብቻ መለየት አለበት፤ የተደባለቀ እንደሆነ ሁሉንም በርካሹ ዋጋ ይወስዱታል። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ከስረናል።

አንድ ስሕተት መሥራታችንንም አልክድም። ልጆቹ የአንዲት ጎረቤታችንን ደህና ድስት፣ ለመድረቅ ውጭ የተሰጣውን፣ ከተሰበረው ጋር ሰብስበው ተሸጠ። ሌላ ገዝተን ሰጠናት። እስከ ዛሬ የድሮው ይሻል ነበር ትላለች።

የሆነ ሆኖ የቁራሌው ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ የራቱን ትርፍ አልፎ ሄደ። ደግሞ ማንም አዲስ ነገር ከኪሱ አላወጣም፤ ሊጥለው የነበረውን ነው የሰጠን። ከዚህ ሌላ የእድሩ ድንኳንና ወንበር ለሠርግ ሲከራይ ከኪራዩ ላይ ጥቂት ለክበቡ እንዲሰጥ ጠቅላላ ጉባኤው መፍቀዱ ይታወሳል።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት። በሰኔ ወር ሒሳብ ሲነበብ መዝገቤና ሳጥኑ አልተስማሙም። 90 ብር ጎደለ። ገንዘብ ያዣችን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሰውም እሷን ማየት ጀመረ። ሁለት እሁድ እንደዚያ ሆነን ቆየን፤ ቡናው ራሱ መረረን። በሦስተኛው እሁድ ከባንክ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡት አባታችን «እስቲ ጉድለቱ ስንት ነው ያላችሁት? 90? ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱ ለ9 እኩል የሚካፈል ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጸሐፊው ነው፤ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አገላብጦ ጽፎ ይሆናል» አሉ። መዝገቡን ገልጠን ስናይ 1,340 ብር ሲገባ እኔ 1,430 ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስትና አራቱን አገላብጬ ማለት ነው። ገንዘብ ያዣችንን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ዛሬም በእናንተ ፊት እጠይቃታለሁ። ጮክ ተብሎ ባይነበብ ኖሮ ግን ያ ስሕተት እስከ ዛሬ በእሷ ስም ይኖር ነበር። በስልክ የሚላከው ገንዘብ አይጠፋም ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ አይጠፋም። ግን የተላከው ወዴት እንደ ወጣ የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ነው።

በማስከተል አንድ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ዓመት በከተማችን ካሉት የሮታሪ ክበቦች አንዱ የእድር ተወካዮችን ለሳምንታዊ ስብሰባው ጋብዞ ነበር። ሰብሳቢው ስላልተመቻቸው እኔ ተላክሁ። የጎረቤት ኮት ተውሼ ሄድኩ፤ እጅጌው ያጥረኛል። ትልልቅ ሰዎች፣ ሐኪምም ነጋዴም ሉበት። ምን ይሠሩ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ሰብሳቢዋ ደወል ደወለች። የእኛ ጡሩንባ መሆኑ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ያረፈደው ተቀጣ። አንዱ ልጄ ተመረቀችልኝ ብሎ ስለ ደስታው ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ጨመረ። የባለፈው ሪፖርት ተነበበ። ኧረ ይኼ የኛው እሁድ ነው! ልዩነቱ በቡናችን ፋንታ ምሳ መብላታቸው ነው።

ታሪካቸውን ጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጫወቱኝ፤ በኋላም የሰፈራችን አስተማሪ ከመጽሐፍ አረጋግጦልኛል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 በአሜሪካ አገር ቺካጎ በምትባል ከተማ ፖል ሐሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር ተገናኘ። ከገጠር ከተማ መጥቶ በትልቁ ከተማ ሰው የሚያውቀው ቢያጣ ነው። አንድ ጊዜ በአንዱ ቢሮ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ቢሮ በዙር ስለ ተሰበሰቡ ስሙ ሮታሪ ተባለ፤ መዞር ማለት ነው። የእኛ የቡና ተራ በሉት። በ1907 ደግሞ ለከተማው ሕዝብ ከሠሩት የመጀመሪያ ሥራ አንዱ ምን ይመስላችኋል? የሕዝብ መጸዳጃ ቤት! ይህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የእኛን የጋራ ሽንት ቤት በር ለማስጠገን ስድስት እሁድ ስንከራከር «ይህም በጎ አድራጎት ነው ወይ» ላሉት አባሎች መልስ አገኘሁ።

እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በ1985 በዓለም ያሉትን ሕፃናት ሁሉ ከፖሊዮ እናስከትብ ብለው ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመሩት። በ1988 ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር፣ ከመንግሥታትም ጋር ሆነው ዘመቻው ሲከፈት በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በዓመት ወደ 350,000 የሚጠጋ ልጅ ሽባ ያደርግ ነበር። በ2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ሆነች ተባለ። ከክትባት የሚመጣው ሌላው ዓይነት ገና ስላላለቀ ጠብታው እስከ ዛሬ አልቀረም። በየቤታችን ጠብታ ይዘው ሲመጡ፣ የልጆቻችንን ጣት በቀለም ሲያጠቁሩ፣ በራችን ላይ በጠመኔ ሲጽፉ የምናየው የዚያው ሥራ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን የራት ግብዣ ገንዘብ አይደለም። በየሳምንቱ የሚዞር ሳጥንና ሥራዬ ብሎ የሚመጣ ሰው አለበት።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ አመሰገነ ብቻ እንዳትሉኝ። ሴቶችን በአባልነት ሳይቀበሉ ከ80 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ በ1989 ነው ደንቡን የለወጡት። እኛ ዘንድ ሴቶቹ ቢወጡ የሚቀረው ሰብሳቢው፣ እኔና ሳጥኑ ነን። ደግሞ በ2016 እነሱም ራሳቸው ደንባቸውን አላልተው፣ በየሳምንቱ ያልተመቸው ክበብ በወር ሁለት ጊዜ ቢገናኝ ይበቃዋል ብለዋል። ይህን መናገሬ ለተቃዋሚዎቼ ማስረጃ መስጠቴ ነው፤ ቢሆንም የሰማሁትን ግማሹን ብቻ ነግሬ ድምፅ ማግኘት አልፈልግም።

አሁን ሐሳቤን የቀየረውን ነገር ልናገር። ባለቤትየዋ እዚሁ ከፊት ወንበር ላይ በምርኩዝ ተቀምጠዋል፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

በኅዳር ወር አንድ እሁድ አቦል ላይ ስም ስጠራ እኚህ እናታችን አልነበሩም። «የሉም» ብዬ ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። እሳቸው ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም፤ ቆሎ ይዘው ከሁላችን በፊት ነው የሚደርሱት። ከጎኔ የነበረችው ጉሊት ሻጯ እኅታችን «እንዴ! ትናንትም መስኮታቸው አልተከፈተም» አለች። ቡናው እንደ ተቀዳ ትተን ሄድን። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ስንጠራ ድምፅ አይሉት ድምፅ ሰማን። ልብስ ሰፊው ወንድማችን በመስኮት ገብቶ ከፈተልን። ሐሙስ ማታ ከአልጋ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሦስት ሌሊት መሬት ላይ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው ስበው ለብሰዋል፣ ውኃ አጠገባቸው አልነበረም። በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመን አወጣናቸው። ያ ቃሬዛ በሕይወት ያለ ሰው ሲሸከም ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ማታ ከሐኪም ቤት ተመልሰን ሒሳብ ስናስተካክል ገንዘብ ያዣችን ስልኳን አሳየችኝ። የእኚህ እናት የወር መዋጮ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በቴሌብር ገብቷል። ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ እዚህ ባለው ዘመድ በኩል በየወሩ ትልካለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም። እኔም መዝገቤ ላይ «ከፍለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ የት እንደ ነበሩ አሰብኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

እኔ በበራቸው በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ። ዓርብም አልፌያለሁ፣ ቅዳሜም። ድሮ በራችን የእንጨት አጥር ነበር፣ ማን ወጣ ማን ገባ ይታይ ነበር፤ አሁን ሁላችንም የብረት በር አድርገናል፣ እኔም አድርጌያለሁ። ያወቅነው ስም ስለ ተጠራ ነው። እሱም ቢሆን እኔ ጸሐፊው አልፌው፣ ጉሊት ሻጯ ናት ያስተዋለችው።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ መዋጮውን በቴሌብር መላክ የሚፈልግ ይላክ፣ ደንባችን ውስጥ ይግባ፤ እሁድ ጠዋት ግን አዳራሹ አይዘጋ፣ ስም መጥራትም አይቅር። ሩቅ የሄዱት አባሎቻችን በወር ሁለት እሁድ ቢመጡ ይበቃል፤ በቀሩት እሁዶች ስማቸው ሲጠራ አንድ ሰው በስልክ ይደውልላቸው፣ ሥራው ለወጣቶቹ ይሰጥ። መቅረታቸውን ደውለው ያሳወቁ አይቀጡ። ሌላው፣ በሰፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስም ዝርዝር ይውጣ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጎረቤት መለዋወጫ ቁልፍ ይያዝ። ይህን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን እሰማለሁ፤ ለማን ቁልፍ ይሰጣል የሚለው ከባድ ነገር እንደ ሆነ አውቃለሁ፣ ባለቤቱ ራሱ መርጦ ይንገረን እንጂ ኮሚቴው አይመድብ።

ያረፈደው ሰብሳቢያችን አሁን ድምፅ ያስቆጥሩ። እኔ ጨርሻለሁ።

(ከንግግሩ በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ ተሰጥቶ 31 አባሎች እሁዱ እንዲቀጥል፣ 14 በቴሌብር ብቻ እንዲሆን መረጡ። የቁልፉ ጉዳይ አከራካሪ ስለ ሆነ ለሚመጣው እሁድ አደረ። የሚመጣው እሁድ የቡና ተረኛ ልብስ ሰፊው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን ስም የምታውቁ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ጠርሙስና ካርቶን እንደ ወትሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየበሩ ይሰበሰባል፤ ለመድረቅ የተሰጣ ድስት ያላችሁ ግን አስገቡ።)